በሙቀቱ የተከተተ በለስ

ስሚና ስትቆጣ የምትጮህ ሴት አይደለችም። የምትጮህ ብትሆንማ በተገላገልን! እሷ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ይቀጥናል፤ ያኔ ዶሮዋ እንኳ መንገድ ትለቅላታለች። ባሏ ቤልዒድ በንዳድ ከሞተ ወዲህ ድምጿ እንደቀጠነ ከረመ። እኛም በበሯ ስናልፍ ጉሮሯችንን ጠርገን ነበር የምናልፈው።

ቆሽቷን ያሳረረው የባሏ ታላቅ ወንድም ዳ መዚያን ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድ ዳ፣ ታላቅ ሴት ናና ይባላሉ። ቤልዒድ ወንድ ልጅ አልነበረውም። በእኛ ተራራ ደግሞ ወንድ ልጅ ሳያስቀር የሞተ ሰው ዛፉ ለወንድሙ ነው፤ ለሚስቱ እንባዋ ይቀርላታል። እሺ፣ ዛፉ ይሂድ! ስሚና ስለ ዛፉ አፏን አልከፈተችም። ዳ መዚያን ግን ዛፉ አልበቃው ብሎ «ልጅቷም የወንድሜ ደም ናት፤ የምድራት እኔ ነኝ» አለ።

ልጅቷ ዊዛ ገና አሥራ ሁለተኛ ዓመቷን መያዟ ነበር። ግቢው ውስጥ ከጭቃ ትንንሽ ማሰሮ እየሠራች የምትጫወት ልጅ! ሊሰጣት ያሰበው ከተራራው ማዶ የዘይት መጭመቂያ ላለው፣ ሁለት ሚስት ለቀበረ ሽማግሌ ነው። ምን ሊያገኝበት? ወይራውን ወረፋ ሳይጠብቅ ሊያስጨምቅ! ለወረፋ! እኔ ይህን ባነሣሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ዳ መዚያን የሚኖረው በዚያው ግቢ ነው፤ በሩ ከስሚና በር ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ሚስቱ ናና ታክሊት ፊቷ የማይፈታ፣ ሰላምታዋ ከአፏ በግድ የሚወጣ ሴት ናት። ፈሩጃ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እሷንም አባቷ በልጅነቷ ማዶ ድሯት በመጀመሪያ ወሊዷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ታክሊት ከስሚና ጋር እሳት እንኳ አልተጫጫረችም። ስሚናም «ምን አደረግኩሽ?» ብላ አልጠየቀችም፤ እልኸኛ ናትና እሷም መልሳ አኮረፈች።

በዚያ ዓመት በለሱ ደርሶ ተለቅሞ፣ ከግቢው በላይ ባለው ገላጣ መሬት በሸንበቆ ርብራብ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ደርቋል፤ ከፀሐይ መነሣት ብቻ ነው የቀረው። ከሰዓት በኋላ፣ ድንጋዩ እግር በሚለበልብበት ሰዓት፣ ዳ መዚያን ከዘራውን እየወዘወዘ መጣ።

«ስሚና፣ ነገ ጠዋት በቅሎ ይዤ እመጣለሁ።»

«ምን ሊጭኑ ነው?»

«በለሴን ነዋ! ዛፉ የኔ አይደለም እንዴ? ርብራብ ላይ ያለ የባለ ዛፉ ነው፤ ጎታ የገባ የሴቲቱ ነው። ሕጉን እኔ አላወጣሁት።»

«ዳ መዚያን፣ ፍሬው እንዲይዝ ወንዴውን በለስ በየቅርንጫፉ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ፤ ወንድምዎ ታሞ ተኝቶ ሳለ። የለቀምኩት እኔ፣ ያገላበጥኩት እኔ፣ ጤዛ ሲመጣ ያስገባሁት እኔ!»

«አላህ ይስጥሽ። እንዲህ ያለች ታታሪ የወንድም ሚስት ማን አለው!» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ያቺ ሳቅ ናት ሁሉን ያበላሸችው። ባይስቅ ኖሮ ስሚና ረጋ ብላ ታስብ ነበር። ምናልባት በለሱን ተሸክማ ወደ ጥላ ታስገባው፣ የሸንጎውን አለቃ ዳ አምራንን ታስጠራ፣ አንድ መላ ትመታ ነበር። እሱ ግን ጥርሱን አሳያትና አንጀቷ አረረ።

«አንተ!» አለችው ከኋላው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የባሏን ታላቅ ወንድም አንተ ስትል በዕድሜዋ ገና የመጀመሪያዋ ነው። «አንተ ሰው፣ ነገ በቅሎህን አየር ትጭናታለህ!»

አሁን ልብ በሉ። በለስ ከርብራብ ሲነሣ ፀሐዩን በሆዱ ይዞ ነው የሚነሣው። ቀዝቃዛ ቤት ወለል ላይ ተበትኖ ማደር አለበት። እጅ ሲነካው እንደ ጠዋት ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ነው ጎታ የሚገባው፤ በየመሐሉ ጦስኝ እየተነሰነሰ፣ በታጠበ እግር እየተረገጠ። በሙቀቱ ከገባ ያልበዋል። ጎታው ደግሞ አፉ በጭቃና በእበት ይመረጋልና ላቡ መውጫ የለውም፤ ይሻግታል፣ ይቦካል። ይህን የማታውቅ ሴት በመንደራችን የለችም። ስሚናማ እንዴት አታውቅ! ጎታውን በሙሽርነቷ ራሷ ናት የሠራችው፤ ጭቃ፣ ጭድና እበት አቡክታ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ እየደረበች፣ እዚያው ቤት ውስጥ። ከበሩ ይሰፋል፤ ካልተሰበረ አይወጣም። ሆዱ ላይ ከላይ ወደ ታች ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስቱም የቡሽ ውታፍ አላቸው። በዚህ ጎታ ያስቀመጠችው በለስ ሦስት ክረምት ተሻግሮ ማር ማር ይል ነበር።

እያወቀች ከተተችው። ዊዛ በቅርጫት ታመላልሳለች፤ ስሚና እግሯን ታጥባ ጎታው ውስጥ ገብታ ትረግጣለች። በለሱ ከእግሯ ሥር ትኩስ ቂጣ የረገጠች ያህል ይፋጃል። በየርምጃዋ ትራገማለች። «ይኸው ለመዚያን ሆድ! ይኸው ለመዚያን ጢም! ይኸው ለዚያ ለዘይት ጨማቂ፣ ጥርሱ ለረገፈ!»

«እማ፣ ገና ሙቅ እኮ ነው» አለች ዊዛ።

«ዝም በይና አምጪ!»

«ትናንት አንቺው ነሽ ይደር ያልሽው።»

«ትናንት ሌላ ቀን ነው! አምጪ አልኩሽ!»

ፀሐይ ጠልቃ፣ የመጨረሻዎቹ ቅርጫቶች በማታው ነፋስ በርደው ገቡ። ስሚና አፉን መረገችና በጭቃ እጇ ፊቷን ጠረገች። ደስ አላት፤ ክፉ ደስታ።

በነጋታው ዳ መዚያን በቅሎውን እየጎተተ ሲመጣ ርብራቡ ባዶውን ተደግፎ ቆሟል። በቅሎዋ ባዶዋን ስትመለስ ያላየ የለም። «ዳ መዚያን፣ ጭነቱ ከበደዎት እንዴ?» ያለው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ብቻ ሳቁ እስከ ምንጩ ድረስ ተሰማ። የተሳቀበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። በቀጥታ ወደ ሸንጎ ሄደ።

«ዛፍ የሌላት መበለት ልጅ በምን ታሳድጋለች?» አለ። «የወንድሜ ልጅ በረሃብ ትሙት? እኔ ለልጅቷ አዝኜ እኮ ነው!»

አዝኜ አለ! አፈር ያዝንልህ! ስሚና ሴት ስለሆነች ሸንጎ አትገባም፤ ከግንቡ ውጭ ቆማ ነበር የምትሰማው። «ልቡ ያዘነ ሰው ወረፋ አይሸምትም!» ብላ በግንቡ ላይ ወረወረችው፤ ሽማግሎቹም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

የሸንጎው አለቃ ዳ አምራን ሁለት ነገር የሚወድ ሰው ነው፤ እውነትና እንቅልፍ። ሁለቱንም የሚያገኝበትን ፍርድ ፈለገ።

«እንግዲህ ስሙ» አለ። «ጎታዋ ሙሉ ነው። እናት ከራሷ ጎታ እያበላች ልጇን እስከ ጸደይ፣ የበለስ ቅጠል የቁራ እግር እስኪያህል ካደረሰቻት፣ ልጅቷ የእናቷ ናት። አድጋ ራሷ እሺ እስክትል ማንም አይጠይቃት። በረዶው ሳይቀልጥ ጎታው ከነጠፈ ግን አጎቷ ይውሰዳት። ከሌላ ቤት የተዋሰችው አይቆጠርም።»

«መሙላቱን ማን አይቶ ነው?» አለ ዳ መዚያን።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ልታየው አማረህ እንዴ?» አሉት።

በእኛ ዘንድ ወንድ ጎታ ውስጥ እጁን አይከትም። ቢርበውም አይከትም፤ ሚስቱ ብትሞትም ጎረቤት ይጠራል። ከጎረቤታችን ከሙሐንድ አያቶች አንዱ በአንድ የረሃብ ዘመን እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ሚስቱ ያዘችው። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ዛሬም የልጅ ልጁ ሚስት ፍለጋ ሽማግሌ ሲልክ «የዚያ የእጀ ጎታው ዘር?» ብለው ይመልሱታል። ይህን ዳ መዚያንም ያውቃል፤ ጆሮው ቀላ።

«ከጠረጠርክ ሚስትህ እጇን ትክተትልህ» አለ ዳ አምራንና ጋቢውን ተከናነበ።

በለስ የሚበላው ከታች ነው፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ስሚና የታችኛውን ውታፍ ነቀለች። ዊዛ ሳህን ይዛ ተንበርክካለች። በለስ አልወረደም። ቡናማ ውኃ ጠብ ጠብ አለ፤ ከኋላው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫ ሰነጠቀ።

«እማ፣ ምንድን ነው?»

ስሚና ጣቷን ሰደደች። ድጥ ነው፤ ሙቅ ድጥ። ውታፉን መልሳ ከተተችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ጭኗን በጡጫ ደበደበች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያፈሰሰችው እንኳ ይለቅማል፣ እሷ ግን ምኑን ትልቀም? በመዚያን ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ዞሮ ራሷ ላይ ወደቀ። ‹ሳቀብሽና ልጅሽን ሸጥሽ! አንዲት ሳቅ መቻል አቅቶሽ!› ልጇን ያጣች መሰላት፤ ፈራች፤ ስትፈራ ደግሞ ይበልጥ ተቆጣች።

ደግነቱ በረዶው በሩን ዘግቶ ሰው ከቤት አይወጣም። የላይኛውን ምርጊት ፈነቀለች። ከላይ ያለው፣ በማታው በርዶ የገባው፣ ደህና ነበር። ከመሐል ወደ ታች ያለው ግን ተያይዞ፣ ነጭ ጸጉር አብቅሎ፣ በእጅ ሲነሣ ይዝለገለጋል። የተበላሸውን ከፍየሏ ጉረኖ እበት ሥር ቀበረችው። ደህናውን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፤ ከእሳቱ በላይ ርብራብ ሰቅላ አሞቀችው። ከዚያ አበረደችው። አዎ፣ አሁንማ አበረደችው! ወለል ላይ በትና፣ ጦስኝ ነስንሳ፣ ዊዛን እንኳ እንዳትነካው ተቆጥታ አሳደረችው።

ይህ ሁሉ ሆኖ በለሱ የጎታውን ሲሶ አይሞላም። ስለዚህ ጎታውን ከውስጥ ፍቃ፣ በፍም አድርቃ፣ ከታች እስከ መሐለኛው ቀዳዳ ሥር ድረስ ጭድ ጠቀጠቀችበት። በለሱን ከጭዱ በላይ ረገጠች። የመሐለኛው ውታፍ ቢነቀል በለስ ይታያል። ቀኑ እስኪደርስ እሷ የደረቀ የባሉጥ ፍሬ ዱቄት እያገነፋች ልትበላ፣ በለሱን ለዊዛ ብቻ ልትሰጥ ወሰነች። ያዋጣል ወይ? አያዋጣም። ግን ምን ታድርግ?

ሳል ይዞ ስርቆት ሆነባት። ሽታው ከጢሱ ጋር በጣሪያው ሸክላዎች መሐል ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ጭድ ታቅፋ ከጉረኖ ስትወጣ ናና ታክሊት በሯ ላይ በረዶ ትጠርግ ነበር። መጥረጊያዋን አቆመች።

«የምን ኮምጣጤ ነው የሚሸተኝ?»

«የአፍሽ ይሆናል!» አለች ስሚና።

ታክሊት ጭዱን አየችው፤ ስሚናን አየቻት። ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች። ስሚና ቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ‹አለቀ፤ ትነግረዋለች› ብላ ደመደመች።

እውነትም መንገዱ ትንሽ ሲከፈት ዳ መዚያን ዳ አምራንን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ይዞት መጣ። «በለሷ ገምቷል! መንደሩ ሁሉ ሸቶታል! ልጅቷ እየተራበች ነው፣ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ!» በቅሎዋ ኮርቻዋን ተጭና በር ላይ ቆማለች። ዊዛ በቅሎዋን አይታ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ገባች።

ስሚና በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «ግቡ። እናንተ የልጅ ሌቦች፣ ግቡና እዩ!»

«ተይ ስሚና፣ ሕግ ነው» አለ ዳ አምራን፤ እሱም አፍሮ መሬት መሬት እያየ።

ወንዶቹ ከደፉ አላለፉም። አብራቸው የመጣችው ታክሊት ገብታ መሐለኛውን ውታፍ ነቀለች። በለስ፤ ድርብርብ ብሎ፣ ጦስኝ ተነስንሶበት። ዳ አምራን «እንግዲህ ይኸው!» ብሎ ሊመለስ ሲል ዳ መዚያን በከዘራው መንገዱን ዘጋ።

«ፊት ለፊቱንማ መሙላት ማንን ያቅተዋል? ጭድ ይዛ ስትገባ በዓይኔ አይቻታለሁ! ከላይ እጇን ትክተት፣ እስከ ብብቷ!»

ለካ እሱ ራሱ አይቷል። ስሚና የቀራት ነገር ጎታውን ማየት ብቻ ነበር። ታክሊት መደቡ ላይ ወጣች፣ ክዳኑን አነሣች፣ እጅጌዋን ወደ ላይ ጠቀለለች። እጇ በበለሱ መሐል ሰጠመ፤ ክርኗ ገባ፤ ከዚያ ስሚና ጭዱ ኮሽ ሲል ሰማች። በእርግጥ ሰማች። የዊዛን እጅ እስኪያማት ድረስ ጨመቀችው። ‹ከበቅሎዋ ላይ በጥርሴ አወርዳታለሁ፤ እሱንም እገድለዋለሁ› ብላ አሰበች፤ ሐሰት አልነበረም።

ታክሊት እጇን አላወጣችም። ፊቷ ያው የጠቆረው ፊቷ ነው።

«እህ! ምን አገኘሽ?» አለ ዳ መዚያን።

«በለስ ነዋ! ምን ላገኝ ኖሯል፣ የአባትህን ጢም?»

«እስከ ታች?»

«እስከ ታች።»

«በደንብ ግፊው!»

ታክሊት ዞር ብላ አየችው። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ስታየው አይተን አናውቅም። «ካላመንከኝ ና፣ እጅህን ክተት» አለችው። «ና እንጂ! ዳ አምራን፣ ለባሌ መንገድ ይልቀቁለት፤ ጎታ ሊዳብስ ነው።»

ሁሉም የዳ መዚያንን እጅ አየ። እሱም አየው። ከዚያ ከካባው ሥር ደበቀው።

«በቃ!» አለ ዳ አምራን፣ ለአንድ ጊዜ እንቅልፉ ጠፍቶ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህችን ልጅ ነገር የሚያነሣ ሸንጎ ፊት ይቆማል። ልጅቷ የእናቷ ናት። በቅሎህን ይዘህ ሂድ።»

ሄዱ። ዊዛ በሩ ላይ ቆማ በቅሎዋ እስክትሰወር አየች። ታክሊት ከመደቡ ወርዳ በእጅጌዋ ላይ የተሰካውን ጭድ አንድ በአንድ እየለቀመች ምድጃው ውስጥ ትጥላለች። ስሚና ጉልበቷ ላይ ወድቃ እጇን ልትስም ጎተተቻት።

«ናና ታክሊት፣ አላህ...»

«እጄን ልቀቂ! በሙቀቱ ከተትሽው፣ አይደል? ይህን ያህል ዘመን በለስ ያስቀመጥሽ ሴት! የሦስት ዓመት ሕፃን የማታደርገውን! ደንቆሮ!»

«ተናድጄ ነው።»

«ተናድጄ ትላለች! አንቺ ብቻ ነሽ የምትናደጂው?»

«እኔ እኮ... አፌ ክፉ ሆኖብሽ... ታዲያ ለምን ብለሽ አዳንሽኝ?»

ታክሊት በሩን ከፈተች። ብርዱ ገባ። ዊዛን ከደፉ ላይ በትከሻዋ ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻትና ቆመች።

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ?» አለች። «ፈሩጃን በዚሁ በር ፊት በቅሎ ላይ ሲያስቀምጧት፣ የኔ ልጅ አንገቴን አንቃ ይዛ ስታለቅስ፣ እልል ብለሽ የሸኘሻት አንቺ ነሽ።»